በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ያየነው ብርሃን

አክስቴ ስልክ ስትደውል ሰላምታ አታስቀድምም። ያን ዕለት ጠዋትም ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ካለው ላብራቶሪያችን ደጅ ከባጃጅ ሳልወርድ ደወለችና፣ «ዓሣውን መለሱብን» አለችኝ።

«ማን ነው የመለሰው?»

«ሆቴሉ ነዋ! ፊሌቶውን ከነበረዶው መልሰው ላኩት። ሸተተ አሉ። ትናንት የወጣ ዓሣ! ወላሂ፣ በዓይኔ እያየሁ የተገፈፈ ዓሣ!» ድምጿ ተቆራረጠ። አክስቴ የምትጮህ ሰው ናት፤ ድምጿ ሲቆራረጥ ግን ሰምቼ አላውቅም። «ይዤው ልምጣና እይልኝ።»

ይዛው መጣች። በረዶው ቀልጦ ከሳጥኑ ጥግ ይንጠባጠብ ነበር። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትሁት። ሆቴሉ አልዋሸም።

አክስቴ በጣና ዳር ዓሣ እየገፈፉ ለሆቴሎች የሚያስረክቡ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ናት። ከቁንዝላ በኩል በጀልባ የሚመጣውን ቀረሶ የሚባል ዓሣ ይቀበላሉ፣ ከአጥንቱ ለይተው ፊሌቶ ያወጣሉ፣ አጥበው በበረዶ ያሽጋሉ። አብዛኞቹ እንደኛው ቤት ከሐይቁ ጋር የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው፤ የአንዷ ባል አጥማጅ ነው፣ የሌላዋ አባት ጀልባ ሠሪ ነው። እኔን እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ስማር ደብተሬን የገዛው ዓሣ ነው፣ ልብሴን የገዛው ዓሣ ነው። ስለዚህ ያ ሳጥን ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ከሌላው ናሙና ጋር እኩል አድርጌ ላየው አልቻልሁም።

ጊዜውም አስቸጋሪ ነበር። ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተከታትለው ሊገቡ ቀናት ቀርተዋቸው ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ዓሣ እንደ ሁዳዴ የሚፈለግበት ወቅት የለም። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት እነዚያን ሳምንታት ነው፤ ሆቴሉ ደግሞ ዋነኛው ደንበኛቸው ነው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ለአክስቴ በስልክ ያላት አጭር ነበር፦ «ችግሩ ከየት እንደመጣ ካወቃችሁና ካስተካከላችሁ እንቀበላለን። ካልሆነ ጾሙ ሳይጋመስ ሌላ እንፈልጋለን።»

«እንግዲህ ከየት እንደመጣ ንገሪኝ» አለች አክስቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ይህንኑ አይደል?»

ከየት እንደመጣ ማወቅ ግን ቀላል አልነበረም። በላብራቶሪያችን የምንሠራበት የተለመደው መንገድ ናሙናውን በሳህን ላይ ዘርቶ ባክቴሪያው በዓይን እስኪታይ መጠበቅ ነው። ቀናት ይፈጃል። ሳህኑ ላይ ነጥብ ነጥብ ሲበቅል ዓሣው ወይ ተበልቷል ወይ ተጥሏል። ቤቱ ደግሞ በየቀኑ ይታጠባል፣ በየቀኑ አዲስ ዓሣ ይገባል፤ የዛሬውን ጥፋት ከቀናት በኋላ ማወቅ ለማን ይጠቅማል?

ይህንን ለሥራ ባልደረባዬ ስነግረው አንገቱን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረ። ባልደረባዬ የዘጌ ልጅ ነው፤ አባቱ ከገዳማቱ በአንዱ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ ያደገ ስለሆነ የመሣሪያ መመሪያ ሲያነብ እንኳ በዜማ የሚያነብ የሚመስልበት ጊዜ አለ። «ያ የብርሃን መለኪያስ?» አለኝ።

እውነትም አንድ መሣሪያ ነበረን። የላብራቶሪው ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ አዲስ አበባ ሄደው የገዙት በእጅ የሚያዝ ትንሽ ነገር ነው። የሕክምና ቤቶችና የሆቴሎች ንጽሕና ይለካበታል ብለው አስበው ነበር፤ ጠያቂ ጠፋና ከነሣጥኑ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ናሙናው የሚቀላቀልበት መድኃኒት ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። የአገልግሎት ጊዜውም እያለቀ ነበር።

የሚሠራበት መንገድ ገና ተማሪ ሳለሁ ጀምሮ ይደንቀኝ ነበር። በሌላ አገር፣ በጨለማ ጅራቷ የሚበራ የጢንዚዛ ዓይነት አለች። የምታበራው በሰውነቷ ውስጥ ባለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ እንዲያበራ ግን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በውስጡ የሚይዘውን የኃይል ቅመም ይፈልጋል፤ ስሙ ኤቲፒ ነው። ዓሣም አለው፣ ሰውም አለው፣ ባክቴሪያም አለው። ስለዚህ ናሙናህን ኢንዛይሙ ካለበት ከዚያ መድኃኒት ጋር ስትቀላቅለው ሕይወት ያለው ነገር ካለበት ብርሃን ይወጣል። ብርሃኑ በዓይን የማይታይ ስስ ነው፤ መሣሪያው ግን ያየዋል፣ በቁጥርም ይነግርሃል። ብዙ ሕይወት፣ ብዙ ብርሃን። ቀናት አይፈጅም፤ ከንፈርህን ነክሰህ ትንሽ መጠበቅ ነው።

ጋሼን ልናስፈቅድ ገባን። እንዲህ ያለውን ነገር ታባክኑታላችሁ ብለው ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው አዩን።

«መድኃኒቱ ጊዜው መቼ ነው የሚያልፍበት?»

«ቅርብ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ለማን ነው የምቆጥበው? ለማቀዝቀዣው? ይዛችሁት ውጡ!»

እየሮጥን ወጣን ማለት ይቻላል።

የሴቶቹ ዓሣ ቤት ከሐይቁ ዳር ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ጠረጴዛዎቹ ብረት፣ በአንድ በኩል ዲፕ ፍሪዘር፣ በሌላው የቧንቧ ውሃ። ከቧንቧው ላይ ረጅም አረንጓዴ ጎማ ተሰክቶ በበሩ አጠገብ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር ተጠቅልሏል። ስንደርስ ሴቶቹ ከምንጊዜውም በላይ እያጠቡ ነበር። ወለሉ ይታጠባል፣ ጠረጴዛው ይታጠባል፣ ፊሌቶው ራሱ ከመታሸጉ በፊት በጎማው ይረጫል። «ከትናንት ጀምሮ እጃችን እስኪላጥ አጠብን» አለችኝ አንዷ እጇን ዘርግታ።

ጥጥ በተጠቀለለበት ዘንግ መክተፊያውን ጠረግሁ፤ ከመድኃኒቱ ብልቃጥ ውስጥ ከተትሁ፤ ነቀነቅሁና መሣሪያው ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ዘጋሁ። ሁሉም ሥራ አቁሞ ዙሪያዬን ቆመ። ቁጥሩ ወጣ። ትልቅ ነበር።

«መክተፊያው ነው!» አልሁ በደስታ።

ቢላውን ጠረግሁ። ከመክተፊያው ይበልጣል። ጠረጴዛውን ጠረግሁ፤ ትልቅ። የሴትዮዋን ጓንት፤ ትልቅ። የዓሣውን ቆዳ፤ ከሁሉም የበለጠ። ደስታዬ ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ከሴቶቹ አንዷ ቢላዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «እንግዲህ ሁላችንም ቆሻሻ ነን በሉና!» ብላ ወደ በሩ ሄደች።

አክስቴ ግን አልተንቀሳቀሰችም። «ሁሉም ታሟል የሚል ሐኪም» አለች፣ «ራሱ መታየት አለበት። ያ ዕቃሽ ነው የታመመው።»

በዚያው ሰዓት ጀልባ ደረሰ። የዓሣው ጆንያ ሲፈታ ከላይ የነበሩት ቀረሶዎች ገና ይንፈራገጡ ነበር። ባልደረባዬ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ አንዱን አንስቶ በእኔ ፊት አቆመው። «ይህን ለኪው።»

«ምን ያደርግልሃል? አሁን ከውሃ የወጣ እኮ ነው!»

«ለኪውማ።»

ጭረት ከነበረበት ጎኑ ላይ ጠረግሁና ለካሁ። ያን ቀን ካየነው ሁሉ የሚበልጠው ቁጥር ወጣ። ሁለታችንም ተያየን። ባልደረባዬ ዓሣውን እንደያዘ ሳቅ መጣበት፤ ዓሣውም በእጁ ላይ ጅራቱን ያማታል። «በይ እንግዲህ! ይህ እየዘለለ ያለ ዓሣ በስብሷል ማለት ነው?»

እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ በአፌ ላይ ቆመ። ነገሩ ገባኝ። መሣሪያው አልታመመም፤ የጠየቅሁት ጥያቄ ነው የተሳሳተው። ዓሣውም ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሥጋውም ደሙም ያንኑ የኃይል ቅመም በብዛት ይይዛል። ዓሣ በሚገፈፍበት ቤት ብርሃኑ የባክቴሪያ ይሁን የዓሣው ደም ምን አውቄ! ቢላውም ጠረጴዛውም ያበሩት በዓሣው ምክንያት ነው።

ወደ በሩ ሮጥሁና የወጣችውን ሴት ክንዷን ያዝሁ። «አንቺ ቆሻሻ አይደለሽም! እስካሁን የለካሁት ዓሣውን ነው። ተመለሺ፣ ነገ ደግሜ እመጣለሁ።» ፊቷን አጥቁራ አየችኝ፣ ቢሆንም ተመለሰች።

በባጃጁ ውስጥ ተመልሰን ስንሄድ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየተጯጯህን ነበር። ሹፌሩ የተጣላን መስሎት በመስታወቱ ያየናል።

«የዓሣውን ብርሃን ከባክቴሪያው ብርሃን እንዴት እንለየዋለን?» አለ ባልደረባዬ።

«ብናጥበውስ?»

«የት ድረስ ታጥቢዋለሽ!»

ከሐይቁ ዳር ያለውን ዘንባባ አየሁ። የተቆረጠ ዓሣ ምን ይሆናል? ሥጋው አይጨምርም። ያለውን ኃይል ይጨርሳል፣ ብርሃኑም ይደክማል። ባክቴሪያ ግን የሚበላው ካገኘና ከሞቀው ይራባል። «መጠበቅ ነው!» ብዬ ጮህሁ። «አንድ ጊዜ ለክተን አንተውም፤ ሁለት ጊዜ እንለካለን! ናሙናውን ባክቴሪያ በሚወደው ሾርባ ውስጥ እንጨምረዋለን። ወዲያው እንለካለን። አሙቀን እናቆየውና ደግመን እንለካለን። የሞተ ሥጋ ብርሃኑ ይወርዳል። የሚያድገው ነገር ብቻ ይጨምራል!»

ባልደረባዬ ጉልበቱን በመዳፉ መታ። «የሚያድገውን ነው የምንፈልገው እንጂ የሚያበራውን አይደለም!»

«ወራጅ አለ?» አለ ሹፌሩ። ላብራቶሪውን አልፈነው ነበር።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሐይቁ ዳር ደረስን። ሴቶቹ ሥራ ሳይጀምሩና ከጀመሩም በኋላ ናሙና ወሰድን፤ ከዓሣው ቆዳ፣ ከቢላው፣ ከመክተፊያው፣ ከጠረጴዛው፣ ከበረዶው፣ ከሴቶቹ ጓንት፣ ከቧንቧው አፍና ከጎማው ጫፍ። የውሃዎቹን ናሙና ልተወው ነበር፤ ሾርባ የያዘ ብልቃጥ ስለተረፈን ነው የወሰድሁት። ላብራቶሪ ገብተን የመጀመሪያውን ለካን። ዓሣ የነካው ሁሉ እንደ ትናንቱ በብዙ አበራ። የቧንቧውም የጎማውም ውሃ ከምንም የማይቆጠር ብርሃን ሰጡ። ብልቃጦቹን ወደ ማሞቂያው ሣጥን አስገባንና በሩን ዘጋን።

ከዚያ መብራት ጠፋ።

የማሞቂያው ትንሽ ቀይ መብራት ስትሞት ልቤ አብሯት ወደቀ። በባሕር ዳር መብራት ጠፍቶ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ባልደረባዬ ግን ቆሞ አልቀረም። ወደ ውጭ ወጥቶ ከጎረቤት ሻይ ቤት ትልልቅ ፔርሙሶች ተውሶ መጣ። ሞቅ ያለ ውሃ አዘጋጀን፣ በቴርሞሜትር እየለካን ቀዝቃዛ ጨመርንበት፣ ብልቃጦቹን በላስቲክ ጠቅልለን በፔርሙሱ አፍ አሰመጥናቸው። የሻይ ቤቱ ባለቤት መጥታ አየችና፣ «በፔርሙሴ ውስጥ ምን እያበሰላችሁ ነው?» አለች።

«የዓሣ ሾርባ ነው» አለ ባልደረባዬ። ዋሽቷል ለማለት አይቻልም። በኋላ አዲስ ገዝተን ሰጠናት።

ከቀትር በኋላ ፔርሙሶቹን ከፈትን። መሣሪያው በባትሪ ስለሚሠራ መብራት አላስፈለገንም። በመስኮቱ አጠገብ ተቀመጥን፤ እኔ እለካለሁ፣ እሱ ይጽፋል። የዓሣው ቆዳ፤ ወርዷል። «ወርዷል!» አልን አብረን። ቢላው ወርዷል። ጠረጴዛው ወርዷል። ጓንቱ ወርዷል። መክተፊያው ጥቂት ጨምሯል፣ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። በረዶው ባለበት ነው። የቧንቧው ውሃ ባለበት ነው። አንድ ብልቃጥ ቀረ። በደረሰብኝ ድካም አሰብሁ፦ ይኼስ ምን ሊሆን ነው፣ ከቧንቧው ያው ውሃ አይደል?

ክዳኑን ዘጋሁ። ቁጥሩ ወጣ።

ተነሥቼ ቆምሁ። ባልደረባዬ እስክሪብቶውን ይዞ ይጠብቃል። «ስንት ነው? በይ እንጂ!» መሣሪያውን አዞርሁለት። ጠዋት ከምንም የማይቆጠር የነበረው የጎማው ውሃ ከትናንቱ ሕያው ዓሣ የበለጠ ያበራል!

«ድገሚው።»

ደገምሁት። ያው ነው። በሌላ ብልቃጥ ደገምሁት። ያው ነው። ከዚያ ጮህሁ። ጋሼ ከቢሯቸው የቆሰለ ሰው አለ ብለው እየሮጡ መጡ። «ምን ሆነሽ ልጄ?»

«ጎማው ነው ጋሼ! ዓሣው አይደለም፣ ሴቶቹም አይደሉም፣ ጎማው ነው!»

ነገሩን መልሼ ሳስበው ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ሥራ ሲያልቅ ቧንቧው ይዘጋል፣ በዚያ ረጅም ጎማ ውስጥ ግን ውሃ ይቀራል። ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ይሞቃል። ዓሣ የነካ እጅ ጫፉን ይይዘዋል፣ ዓሣ ባለበት ወለል ላይ ይጣላል። በውስጡ የገባው ባክቴሪያ ሞቆት ይራባል። ከዚያ ሴቶቹ በዚያ ውሃ ፊሌቶውን ያጥባሉ፤ ሽታ አለ ሲባሉ ደግሞ አብዝተው ያጥባሉ። በእጥበቱ ብዛት ነው የባሰበት።

ለአክስቴ በስልክ ስነግራት ሳቀች። ሳቋ ደስ የሚል አልነበረም።

«ጎማው? አዲስ ጎማ እኮ ነው። እኔ ነኝ ገበያ ወጥቼ የመረጥሁት። ውሃ እኮ ነው የሚያወጣው፣ ውሃ ያጠራል እንጂ እንዴት ብሎ ያቆሽሻል?»

«ቆርጠን ውስጡን እንየው።»

«አንዲት ቁራጭ አትነኪም! በአንቺ ቁጥር ዕቃዬን አላስቆርጥም። ትናንት ሁላችንንም ቆሻሻ ያለው ያው ቁጥር አይደለም?»

እውነቷን ነው። ቁጥር ትናንት አሳፍሮኛል፤ ዛሬ በእሱ እመኑ ማለት ከበደኝ። ስልኩን ዘግቼ ባልደረባዬን አየሁት። «ብርሃኑን ራሱን በዓይኗ ብታየውስ?»

«በዓይን አይታይም እኮ።»

«ባክቴሪያው በጣም ቢበዛስ? መድኃኒቱንም የቀረንን ሁሉ ብናፈስበት?»

ከሁለት ብልቃጥ በላይ የሚሆን አልቀረንም ነበር። ጋሼን ጠየቅናቸው። «እኔም አይቼው አላውቅ» አሉ። ፈቃዳቸው ይኸው ነበር።

መብራት ሲመጣ የሁለቱን ውሃ ናሙና በአዲስ ሾርባ ማሞቂያው ውስጥ አሳደርነው። ጠዋት የቧንቧው እንደነበረው ጥርት ብሎ አደረ፤ የጎማው ደፍርሷል። በፍጥነት በሚያሽከረክረው ማሽን ዝቃጩን ወደ ታች አውርደን በጥቂት የውሃ ጠብታ በጠበጥነው። የቧንቧውንም እንዲሁ አደረግነው። በዓይንሽ እይው ብዬ ስለጠራኋት አክስቴ ከሁለት ሴቶች ጋር መጣች፤ አንደኛዋ ያቺ ቢላዋን ጥላ የወጣችው ናት። ሁለቱም ጾም ስለገባ ውሃ እንኳ ልጋብዛቸው አልቻልሁም፤ እነሱም እኔም ረመዳንን ይዘናል፣ ባልደረባዬና ጋሼ ሁዳዴን ይዘዋል። በባዶ ሆዳችን ስድስት ሰዎች መስኮት በሌለው የዕቃ ክፍል ውስጥ ተጣብበን ቆምን። በበሩ ሥር የሚገባውን ብርሃን በጋዋኔ ደፈንሁትና መብራቱን አጠፋሁ።

ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

«ዓይናችን እስኪለምድ እንጠብቅ» አልሁ።

«በዚህ ጨለማ ከወንዶች ጋር መቆሜን ባሌ ቢሰማ!» አለች አንደኛዋ ሴት፤ ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የአክስቴ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል።

«የቧንቧው ውሃ» አለ ባልደረባዬ፣ ሁለቱን ብልቃጦች በእጁ እየለየ። የመድኃኒቱ ጠብታ ሲወርድ ሰማሁ። ሁላችንም ዓይናችንን አፈጠጥን። ምንም የለም።

«የታለ?» አለች አክስቴ።

«አሁን የጎማው።»

ጠብታው ወረደ። መጀመሪያ ዓይኔ የሚያታልለኝ መሰለኝ። ከዚያ ጨለማው ውስጥ፣ በግምት የባልደረባዬ እጅ ባለበት ቦታ፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ብርሃን ቀስ ብሎ ታየ። ስስ ነው፣ ግን አለ። ብልቃጡ ሙሉ ቅርጹን ይዞ ተንሳፍፎ ታየኝ፤ የባልደረባዬ አውራ ጣት በላዩ ላይ ጥቁር ሆኖ ይለያል። ሲነቀንቀው ይበልጥ ፈካ።

«በስመ አብ ወወልድ!» አለ ባልደረባዬ።

«ሱብሃነላህ!» አለች አክስቴ በዚያው ቅጽበት። እጇን ስትዘረጋ ክንዴን ነካኝ። «ስጠኝ ልጄ፣ እስቲ ልያዘው። አያቃጥልም?»

«አያቃጥልም እናቴ፣ ይያዙት።»

ብርሃኑ ከእጁ ወደ እጇ ሲሻገር አየነው። ወደ ፊቷ አስጠጋችው። እኔ በጨለማው ውስጥ ፈገግታዬ ከጆሮ እስከ ጆሮ ተዘርግቶ ነበር፤ እንባዬም እየወረደ ነበር፤ ሁለቱንም ማንም ስላላየብኝ ደስ አለኝ። በመጽሐፍ ያነበብሁት፣ በቁጥር ብቻ የማውቀው ነገር፣ ይኸው አክስቴ እጅ ላይ ያበራል!

«ይህ ሁሉ ከእኔ ጎማ ነው የወጣው?» አለች በመጨረሻ፣ በለሆሳስ።

«አዎ አክስቴ።»

«ሕያው ነው?»

«ሕያው ነበር። አሁን ያለውን ኃይል እያወጣ ነው።»

ብርሃኑ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። መብራቱን ሳበራ አክስቴ ብልቃጡን እንደያዘች ነበረች። ለጋሼ መልሳ ሰጠቻቸውና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በባጃጅ ተከተልናት። ዓሣ ቤቱ ስንደርስ ማንንም ሳታናግር የፊሌቶ ቢላዋ አነሣች፣ ጎማውን ከግድግዳው ሥር ጎትታ አወጣች፣ በጉልበቷ ተጭና ከጫፉ ጀምሮ ሰነጠቀችው። ውስጡ ከአፉ ጀምሮ ግራጫ ዝልግልግ ለብሷል። በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችውና ፊቷን አዞረች። «ይኸው ሽታው!» አለች ለሴቶቹ። «ኑና እዩት! እጃችሁ እስኪላጥ የፈተጋችሁት እናንተ አይደላችሁም ጥፋተኞቹ። እኔ የገዛሁት ጎማ ነው።»

ያቺ ቢላዋን የጣለችው ሴት እልል አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ዓሣ ሊያራግፉ የመጡ ጀልበኞች ሠርግ መስሏቸው አንገታቸውን አስገቡ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ቀላል ነበር። ፊሌቶው ከቧንቧው በቀጥታ በሚቀዳ ውሃ መታጠብ ጀመረ። ለወለሉ አጭር ጎማ ተገዛ፤ ማታ ማታ ውሃው ተንጠፍጥፎ፣ በበረኪና ታጥቦ፣ ከምስማር ላይ ይሰቀላል። መድኃኒታችን አልቆ ስለነበር ጋሼ ያለማንም ጉትጎታ አዲስ አስመጡ። ከቢላውም ከጠረጴዛውም ከፊሌቶውም ወስደን ሁለት ሁለት ጊዜ ስንለካ የጨመረ ነገር አልነበረም። ውጤቱን ይዘን ከአክስቴ ጋር ወደ ሆቴሉ ሄድን። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ወረቀቱን አየት አድርጎ አስቀመጠውና የዓሣውን ሣጥን ከፈተ፤ ጎንበስ ብሎ በረጅሙ አሸተተ።

«ለነገም ይህንኑ ያህል አምጡ» አለ። «ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ጨምሩ።»

አክስቴ እስከ መንገዱ ድረስ ረጋ ብላ ተራመደች። ከበሩ ስንወጣ ነው አቅፋ ያነሣችኝ፤ እኔ ከእሷ የምረዝም ሰው፣ በሆቴሉ ዘበኛ ፊት!

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሐይቁን ተሻገረ። ዒድ ካለፈ በኋላ ከቁንዝላ አጥማጆች ተደውሎ፣ ዓሣውን የሚያቆዩበትን ቦታ እንድናይላቸው ጠየቁን። ባልደረባዬና እኔ መሣሪያውን በላስቲክ ጠቅልለን በማለዳው ጀልባ ተሳፈርን። ወደቡ ላይ ስንወርድ የሚጠብቀን ሕዝብ ከዓሣው ይበዛል። ሥራ ከመጀመራችን በፊት አንድ ጎልማሳ አጥማጅ እየገፋ ወደ ፊት መጣና ሁለት መዳፎቹን ዘረጋልኝ።

«ከዚህ ሁሉ ሰው የእኔ እጅ ንጹሕ ነው። ለኪኝ!»

«የእርስዎን እጅ ለመለካት አልመጣንም እኮ!»

«ለኪኝ ነው የምልሽ፣ እነዚህ ይዩኝ!»

አንድ ልኬት ብቻውን ባክቴሪያን ከዓሣ ደም እንደማይለይ ባውቅም መዳፉን በጥጡ ጠረግሁና ለካሁ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ስናገር፣ ለማነጻጸር ብዬ ከለካሁት የጀልባው ወለል በለጠ። ወደቡ በሳቅ ተናጋ። ሰውዬው ግን አልተበሳጨም። ሳሙና አምጡ ብሎ ጮኸ፣ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ እስከ ክርኑ ፈተገ፣ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀና እየተንጠባጠበ ተመለሰ። ደግሜ ለካሁት። ቁጥሩ ከታች ወርዶ ነበር። መሣሪያውን ከእጄ ነጥቆ ከፍ አድርጎ ለሰዉ ሁሉ እያሳየ ዞረ፤ ከኋላው ሌሎቹ እጃቸውን እየዘረጉ ሰልፍ ይዘው ነበር።